ሊቀ ቢሄድስ እና የጠረጴዛ አራት ዓሣ

በየሰፈሩ አንድ "ቢሄድስ?" የሚል ሰው አለ። የሌለበት ሰፈር አለ የሚል ካለ፣ ወይ ሰፈሩ ገና አልተቆረቆረም፣ ወይ ሰውየው ዛሬ ለቅሶ ሄዷል። ሠርግ ደግሳችሁ "መኪናው በጠዋት ይመጣል፣ ሹፌሩን አናግረነዋል" ስትሉ ከኋላ ጉሮሮውን የሚጠርገው እሱ ነው። "መልእክቱን ለዘበኛው ትቼለታለሁ" ስትሉ ቅንድቡን የሚያነሣው እሱ ነው። ክፉ አይመኝም፤ ጨለምተኛም አይደለም። የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥሪው በደረሰ ጊዜ ተጠሪው በቦታው ይኖራል ወይ?

ለእኛ፣ ለሴቻ ሰፈር ሰዎች፣ በዚህ ረገድ እግዚአብሔር አብዝቶ ሰጥቶናል። ክቡር ጋሽ ልዑልሰገድ አሉን። እኔ በልቤ ሊቀ ቢሄድስ እላቸዋለሁ፤ ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ የሚሽርም የለም። አባታቸው ከጎንደር ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እሳቸው እዚሁ ተወለዱ፣ ጡረታ እስኪወጡም ኮምፒውተር አስተማሩ። ቁመታቸው ረጅም፣ ወሬያቸው አጭር ነው። ከአንድ ቃል በላይ አይናገሩም ማለቴ አይደለም፤ የቀረው ሁሉ ግን የዚያች የአንዷ ቃል ማብራሪያ ነው።

የዕድራችንን ነገር ላንሣ። ዕድራችን ቀብር የቀረን ይቀጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። አቶ ብዙነህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያረፉ ጊዜ ከቀብር ተመልሰን ድንኳን እንደገባን ጸሐፊው እንደ ልማዱ ስም ይጠራ ጀመር። "አቶ ብዙነህ!" ዝም። "አቶ ብዙነህ!" አሁንም ዝም። ጸሐፊው አንገቱን ሳያቀና "ቀሪ" አለና አለፈ። ሟቹ በራሳቸው ቀብር ላይ ባለመገኘታቸው ሊቀጡ ነው። ያን ጊዜ ጋሽ ልዑልሰገድ ብድግ ብለው፣ ጸሐፊው እንዳይወቀስ፣ ጥፋቱ ሰውየው ሲሄዱ ስማቸው ከመዝገቡ አብሮ እንዲሄድ ያደረገ አለመኖሩ እንደሆነ አስረዱ። አስረዱ ማለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ አስረዱ። መጀመሪያ የሳቀችው የሟቹ ባለቤት ናት፤ "ብዙነህ እንደሆነ በሕይወቱም ሲጠሩት አይሰማም ነበር" አለችና ሐዘኑ ለአፍታ ቀለል አለ።

ይህን ጠባይ ከየት አመጡት ያላችሁ እንደሆነ፣ ከባጃጅ ነው። ድሮ ከታች ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ተከራይተው ሲኖሩ አንዱን ባለባጃጅ "በየማለዳው በደጄ ስታልፍ ጥሩምባ ንፋልኝ፣ እወጣለሁ" ብለውት ነበር። ከዚያ ወደ ሴቻ ተዛወሩ። ለባለባጃጁ የነገረው የለም። ባለባጃጁ የታዘዘውን የሚፈጽም፣ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ስለነበር በየማለዳው ከበሩ ላይ ቆሞ ይነፋል። ቤቱን የተከራዩት ደግሞ አዲስ ሙሽሮች ነበሩ። ሙሽራው አንድ ቀን በፒጃማ ወጥቶ ምን እንዳለው አልጽፈውም። ባለባጃጁም በተራው ጋሽ ልዑልሰገድን ገበያ መሐል አግኝቶ፣ "ጥራኝ አሉኝ፣ ጠራሁ፤ ተው ያለኝ ማን አለ?" አላቸው። መልስ አጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ መልስ አጥተው አያውቁም።

አሁንማ ወደ ደጋው ጨንቻ ለአንድ ቀን ለቅሶ ሲወጡ የሚሰናበቱትን ያየ፣ ገዳም የሚገቡ ይመስለዋል። ወተት ለምታመጣው ሴት "ከነገ የለሁም" ይሏታል። ዳቦ ቤቱን ያሰናብታሉ። ባለባጃጁን ያሰናብታሉ፤ እሱንማ ሁለት ጊዜ። ውሻቸውን ጎንበስ ብለው በጆሮው ሲያናግሩት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምን እንዳሉት ባልሰማም ውሻው ግን እስኪመለሱ በር ላይ አልጠበቀም።

ደግሞ "ቤቶች!" የምትባለዋ ነገር። ሰው ደጅ ደርሶ "ቤቶች!" ማለት፣ "አለን!" እስኪባልም መቆም የሁላችንም ወግ ነው። የእሳቸው ግን ከወግ አልፏል። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ መጥረጊያዬ ጫማቸውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣ "ቤቶች!" ይላሉ።

"ጋሼ፣ እያዩኝ?"

"አየሁሽ። አለሁ አላልሽኝም።"

"አለን" እላለሁ። ይገባሉ። ኖረንበታል።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ፤ አጭር ነኝ፣ አላቆያችሁም። ልክነሽ እባላለሁ፣ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ልጆቼ ለትምህርት ከሄዱ ወዲህ ምሽቱ ረዘመብኝ። ጋሽ ልዑልሰገድ "ከምትተክዢ ፕሮግራም መጻፍ ተማሪ" አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ሳቅኩና ተማርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ "ደህና ዋልሽ ልክነሽ?" ሲለኝ፣ የጻፍኩት እኔው መሆኔን ረስቼ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ደስታ አለ ለካ! ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘኝ። የቤቴን ግድግዳ በሙሉ ፕሮግራም ላደርገው ምንም አልቀረኝም።

የእኅቴ ልጅ መነን ሲቀላ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አለፍ ብሎ ዓሣ ቤት ከፍታለች። ጥብሱ፣ ጉላሹ፣ ከሚያቃጥለው ማባያ፣ ከዳጣው ጋር ሲቀርብ ሰው ጣቱን ይረሳል። ችግሩ ጩኸቱ ነበር። ዳግም የሚባለው አስተናጋጅ ትእዛዙን ከአዳራሹ ወደ ወጥ ቤት ይጮኻል፤ ወጥ ሠሪው ኤርጫፎ ከዘይቱ ድምፅ በላይ ለመስማት ይጥራል፤ ጥብስ ያዘዘ ጉላሽ፣ ጉላሽ ያዘዘ ምንም አያገኝም። ስብሰባ የመጡ እንግዶች አንድ ጊዜ በምሳ ሰዓታቸው ጎርፈው ገቡ፤ ግማሾቹ ሳይበሉ ወደ ስብሰባቸው ተመለሱ። ወሬው ከተማውን ዞረው። ገበያዋ ቀዘቀዘ።

ታዲያ አንድ ቀን መነን ቤቴ መጣች። ሌላ ትልቅ ስብሰባ ሊመጣ ነው፤ ሰብሳቢው ሰኞ ምሳ እሷ ጋ እንደሚሞክሩ፣ ሰዎቹ በልተው በሰዓቱ ከተመለሱ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው እንደሚበሉ፣ ካልሆነ ግን ሌላ ቤት እንደሚፈልጉ ነግሯታል።

"እቴቴ፣ ይሄ ካመለጠኝ የቤቱን ቁልፍ መልሼ ጨንቻ እናቴ ጋ ነው የምገባው" አለችኝ። "አንቺ ያ የምትጽፊው ነገር አለ አይደል?"

የምጽፈው ነገር አለ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። እሷ ሻይዋን ሳትጨርስ እኔ ላፕቶፑን ከፍቼ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ለማንም ይገባል። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ስክሪን ይሰቀላል። ዳግም በስልኩ ትእዛዝ ሲያስገባ ስክሪኑ ላይ ለዚያ ጠረጴዛ አንድ መስኮት ይከፈታል፤ "ጠረጴዛ አራት፣ አንድ ጥብስ" ይላል። ዓሣው ሲደርስ ኤርጫፎ ቁልፍ ይጫናል፤ ደወል ይጮኻል፤ መስኮቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ዳግም ሳህኑን ያነሣል። እንግዳው በልቶ ሲነሣ ዳግም ጠረጴዛውን ይዘጋል፣ መስኮቱም ይጠፋል። ታዲያ ደወሉ የትኛውን መስኮት አረንጓዴ ማድረግ እንዳለበት በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ነው ጥበቤ! ትእዛዝ በገባ ቁጥር ደወሉ ዘንድ አንዲት ትንሽ መልእክተኛ አስቀምጣለሁ። ስም የላትም፤ በሙያው ላምዳ ይሏታል። የመስኮቱን አድራሻ በኪሷ ይዛ ቁጭ ትላለች። ደወሉ ሲጮኽ ብድግ ብላ ሮጣ በአድራሻው ሄዳ መስኮቱን አረንጓዴ ትቀባለች። ትንሽ፣ ታዛዥ፣ ፈጣን። ወደድኳት።

ጋሽ ልዑልሰገድ ኮዱን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ምን እንደሚከተል ሴቻ ሁሉ ያውቃል።

"መልእክተኛዋ አድራሻ ይዛለች" አሉ። "መስኮቱ ቢሄድስ?"

የት እንደሚሄድ ጠየቅኋቸው። ዓሣ ያዘዘ ሰው ዓሣው ሳይመጣ አይነሣም፤ ሳይነሣ ደግሞ ጠረጴዛው አይዘጋም፤ ስለዚህ ደወሉ ሁልጊዜ ከመዝጋቱ ይቀድማል ብዬ በጂኦግራፊ መምህርት ቋንቋ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሰው ክፉ ነው አላልኩም" አሉ። "ሰው ይንቀሳቀሳል ነው ያልኩት።"

አልሰማሁም። ቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ! እኔው እንግዳ፣ እኔው ዳግም፣ እኔው ኤርጫፎ ሆኜ፣ ብቻዬን ትእዛዝ እያስገባሁ፣ ብቻዬን እየበላሁ። አንድ ጊዜ አልወደቀም። እውነት ለመናገር ራሴን ያደነቅሁበት ምሽት ነበር።

ቅዳሜ ለሙከራ ተሰቀለ። የገበያ ቀን ነው፤ ቤቱ ሞልቷል። ስክሪኑ ያበራል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ ዳግም ድምፁን ሳያሰማ እንደ ዲያቆን ይመላለሳል። መነን ስታልፍ ትከሻዬን ጫን ታደርገኛለች። እኔ ጥግ ይዤ እንደ ሙሽራ እናት ፈገግ ብያለሁ። ያን ጊዜ ባርኮት የሚባል የካምባ መስመር ሹፌር ገባና ጠረጴዛ አራት ላይ ተቀመጠ፤ ጥብስ አዘዘ። እጁን ታጥቦ ሲመለስ ከወዲያ ጥግ ጓደኞቹ አዩት።

"ባርኮት! ና እንብላ!"

ባርኮት ወግ አዋቂ ነው፤ መጀመሪያ "በልቻለሁ" ብሎ ዋሸ። ጓደኞቹም ወግ አዋቂ ናቸው፤ "በሞቴ" አሉት። ሄደ። ጎረሰ፣ አጎረሱት፣ ተመቻቸ። ዳግም ጠረጴዛ አራት ባዶውን ሲቀር አየ፤ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ እንግዶች አሉ፤ ጠረጴዛ አራትን ዘጋና አስቀመጣቸው። ደግ አደረገ። እዚያ ወጥ ቤት ግን የባርኮት ዓሣ ደረሰ፤ ኤርጫፎ ቁልፉን ተጫነ፤ ደወሉ ጮኸ። የኔ ታዛዥ መልእክተኛ ብድግ አለች። አድራሻዋን ይዛ በረረች። ቤቱ ፈርሷል። መስኮት የለም። እሷ ግን እንድትጠይቅ ማን ነገራት? የሌለውን መስኮት ልቀባ ብላ ባዶ ቦታ ላይ ብሩሿን አነሣች፤ ፕሮግራሙ እንዳለ ተገለበጠ። የሁሉም ሰው ትእዛዝ ከስክሪኑ ጠፋ።

ኤርጫፎ መጥበሻውን እንደያዘ ወጣ። አፍ የፈታው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛው ሲደነግጥ ወንድና ሴቱን አያውቅም።

"እቴቴ፣ እሷ ስክሪን ሞተ" አለኝ። "እኔ ምንም አልነካት።"

ጩኸቱ ተመለሰ። ዳግም እንደ ድሮው ጉሮሮውን አቀና። መነን ያየችኝ አስተያየት የጨንቻን መንገድ ሁሉ፣ ከነጭጋጉ፣ አሳየኝ።

በዓለም ላይ ጠረጴዛውን ጠብቆ ዓሣውን እየጠበቀ የሚቀመጥ ሕዝብ ይኖር ይሆናል። ሲቀላ ውስጥ ግን የለም። እኛ "እንብላ" የሚባል ወግ አለን። እንብላ ባለበት አገር ማንም ባዘዘበት አይበላም። እኔ ሞኟ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ስሞክር ማን "እንብላ" ይበለኝ?

አሁን ልብ በሉ፤ ወደ ጋሽ ልዑልሰገድ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ አፈርኩ። ይልቅ በራሴ ብልጠት አንድ መላ አገኘሁ፦ መስኮቱ የሚጠፋ ከሆነ መልእክተኛዋ አድራሻውን ብቻ ሳይሆን መስኮቱን ራሱን ጥብቅ አድርጋ ትያዘው! እሷ እስካለቀቀች አይጠፋም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀይሬ አስገባሁት። በእርግጥም አልወደቀም። "እልል!" ልል ነበር።

ግን መስኮቶቹ አልጠፋ አሉ። ደወሉ መልእክተኞቹን ይዟል፣ መልእክተኞቹ መስኮቶቹን ይዘዋል፣ የሚለቅ የለም። በልተው፣ ጠጥተው፣ ቤታቸው ገብተው ምናልባት እንቅልፍ የወሰዳቸው ሰዎች ጠረጴዛ ስክሪኑ ላይ ተደርድሯል። ጠረጴዛ አራት ብቻ ስንት ቦታ! ኤርጫፎ ደግሞ ስክሪን ላይ ያየውን ሳይጠብስ የሚያልፍ ሰው አይደለም። ለሌሉ ሰዎች ዓሣ ይጠበስ ጀመር። ዳግም ሳህን ይዞ በአዳራሹ መሐል እየዞረ ባለቤት ፈለገ። የሰፈሩ ድመቶች ያችን እሑድ ለልጅ ልጅ ይነግሯታል። በመጨረሻም ስክሪኑ ከመብዛቱ የተነሣ ደንዝዞ ቆመ።

"እቴቴ" አለች መነን፣ "ነገ ሰኞ ነው።"

ከሲቀላ እስከ ሴቻ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። የጋሽ ልዑልሰገድን በር ገፍቼ ዘልቄ ገባሁ። እግራቸውን ባልዲ ውስጥ ነክረው፣ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ በካናቴራ ሆነው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ፎጣቸውን ሲፈልጉ ሬዲዮው ባልዲው ውስጥ ከመግባት ለጥቂት ተረፈ። የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው። ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ካደረጉ በኋላ ተረጋግተው አዩኝ።

"መልእክተኛሽ አንቺኑ ነው የወጣችው" አሉ። "ቤቶች ሳትል ገባች።"

ቁጭ አልኩ። እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፤ እኔም የተረዳሁትን እነግራችኋለሁ። መልእክተኛ ስታስቀምጪ መጀመሪያ የምትጠይቂው ከማን ጋር ታስራ ትኑር የሚለውን ነው። መስኮት የምትቀባዋ ሥራዋ ከመስኮቱ ጋር ስለሚያልቅ ከመስኮቱ ጋር ትታሰር፤ መስኮቱ ሲሄድ አብራ ትሂድ፣ ደወሉም ይርሳት። ባጃጁን እንደማሰናበት ነው። የዓሣውን መድረስ የምታወራዋ ሁለተኛዋ መልእክተኛ ግን ከጠረጴዛው ዕድሜ በላይ ሥራ አላት፤ ስለዚህ እሷ ከዓሣ ቤቱ ጋር ትታሰር። የጠረጴዛውን ነገር ግን አጥብቃ እንዳትይዝ። ላላ አድርጋ ትያዝ፤ ስትደርስ ትጥራ።

"'ቤቶች!' ትበል" አሉ። "'አለን' ካሏት ትግባ፤ ገብታ ሥራዋን እስክትጨርስ ብቻ አጥብቃ ትያዘው፣ ቤቱ በላይዋ እንዳይፈርስ። ስትወጣ ትልቀቅ።"

"ዝም ካሏትስ?"

"ትመለስ። ሰው በሌለበት ቤት ምን ትሠራለች?"

ልነሣ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። "ዓሣውስ፣ ጋሼ? ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ባይኖርም ዓሣው ተጠብሷል። ይቀዝቅዝ?"

ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ለካ አስተማሪ እንዲህ ነው ደስ የሚለው፤ እኔም አስተማሪ ሆኜ ረስቼው ኖሯል። ወሬው ለዳግም ስልክ ይድረስና ዳግም ባለዓሣውን ይፈልግ ተባባልን።

"ዳግምስ ቢሄድ?" አልኩ።

ያን ጊዜ ሳቁ። ጮኽ ብለው፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለተረኛ አስተናጋጅ ሁሉ እንዲደርስ አደረግነው።

ሰኞ እንግዶቹ ገቡ። መጀመሪያ ላይ ፈተና ላይ የተቀመጡ ይመስል ሁሉም በየጠረጴዛው ጸጥ አለ፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን አውልቆ ፊቱ አስቀመጠው። መነን የወጥ ቤቱን በር ይዛ ቆመች። ከዚያ ከመሐል አንዱ "አቶ እገሌ፣ እዚህ ይምጡ እንጂ!" አለ። በቃ። ግድቡ ተናደ። ጠረጴዛ ሁለት ወደ ጠረጴዛ ስድስት ፈለሰ፣ ስድስት ከሰባት ጋር ተጋጠመ፣ አንዱ ወንበሩን ተሸክሞ ዞረ። ዳግም ይዘጋል፣ ይከፍታል። ደወሉ ይጮኻል። መልእክተኞቼ በየበሩ ቆመው "ቤቶች!" ይላሉ፤ ይገባሉ ወይም ይመለሳሉ። የዳግም ስልክ ጭርር ይላል፤ "የጠረጴዛ አራት ዓሣ ደርሷል፤ ባለቤቱ ተነሥቷል፣ ፈልገው።" ዳግም አይጮኽም፤ ጎንበስ ብሎ "የእርስዎ ነው?" ይላል። ስክሪኑ አልወደቀም። እስካሁንም አልወደቀም።

ጋሽ ልዑልሰገድም መጥተው ነበር። ግድግዳ ተደግፈው ጠረጴዛ አምስት ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ዓርብ ዓርብ የሚቀመጡባት ቦታቸው ናት። ስለ እሳቸው አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር፦ እሳቸው እንብላ ተብለው ተነሥተው አያውቁም። ዓሣ ካዘዙ ዓሣው እስኪመጣ ንቅንቅ የለም። "ስጠራ እገኛለሁ" ነው መልሳቸው፤ ቀርበው ያጎረሷቸው እንኳ እዚያው ተቀምጠው ነው የጎረሱት። እኔ ደግሞ ከመነን ወንበር አጠገብ ለመምሰል ያህል አንድ ሳህን ይዣለሁ። እንዲያው ለወግ ብዬ፣ እንቢ እንደሚሉኝ እያወቅሁ፣ "ጋሼ፣ ይምጡ እንብላ" አልኳቸው።

ብድግ አሉ።

ዳግም ቆሞ ቀረ። መነን አየችኝ። ጋሽ ልዑልሰገድ ዓሣቸው መጥበሻ ላይ እያለ፣ በእርጋታ በአዳራሹ መሐል አቋርጠው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ዓይናቸው ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ ነው።

"ዝጋው" አሉት ዳግምን።

ጠረጴዛ አምስትን ዘጋው። መስኮቱ ጠፋ። ኤርጫፎ ቁልፉን ተጫነ። ደወሉ ጮኸ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ባርኮት፣ ድመቶቹ፣ የጨንቻ ጭጋግ ሁሉ በዐይነ ኅሊናዬ ዞሩ። ስከፍተው ስክሪኑ እንዳለ አለ። ዳግም የጋሽ ልዑልሰገድን ዓሣ ይዞ መጥቶ ፊታቸው አስቀመጠና፣ የሰፈሩን ሁሉ የዘመናት ቂም ሰብስቦ፣ "ቢሄድስ?" አላቸው።

"ሄድኩ፤ ደረሰኝ" አሉና ዳጣውን ሳቡ። በኮዴ ላይ ማንም ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አልሰጠኝም፤ እንዲሰጠኝም አልፈልግም።

ሰብሳቢው ሰዓቱን አንሥቶ አሰረ፣ ሰዎቹን ቆጠረ፣ ሁሉም በልቷል። በር ላይ መነንን "ነገም እዚሁ ነን" ብሏት ወጣ። እሷም ወጥ ቤት ገብታ ኤርጫፎን እቅፍ አደረገችው፤ እሱ መጥበሻውን አልለቀቀም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ልዑልሰገድ ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ልጃቸው አርሴማ ጋ ወደ ሐዋሳ ሊሄዱ ሆነ። እንግዲህ የስንብቱን ነገር ታውቁታላችሁ። ወተቷ ተሰናበተች፣ ዳቦ ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ዕድሩ፣ ውሻው። በመጨረሻ የእኔ በር ላይ ቆሙ። "ቤቶች!" "አለን።" መነንን አመስግኚልኝ፣ የዓርብ ጠረጴዛዬን ዝጊልኝ፣ መቼ እንደምመለስ አላውቅም አሉ። ከዐይናቸው ይልቅ ያቺ ጠረጴዛ ክፍት ሆና እንዳትቀር ያሳሰባቸው ይመስላል። እሺ አልኳቸው።

አልዘጋሁም። ስክሪኑ ላይ፣ ጥግ ላይ፣ "ጠረጴዛ አምስት፣ አንድ ጥብስ" የሚል መስኮት ከፍቼ ተውኩት። ኤርጫፎን "ይህን አትጠብስ፣ ይቀመጥ" አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ዳግም እንግዳ በበዛ ቁጥር ጠረጴዛዋን "ተይዛለች" ይላል። ያስተማሩኝን በሙሉ ጥሼ፣ የሌለን ሰው ጠረጴዛ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

አንድ ዓርብ ከሐዋሳ መጡ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ሻንጣቸውን ሳያሳርፉ በቀጥታ ዓሣ ቤት መጥተው፣ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ሁላችንም እያየናቸው፣ "ቤቶች!" አሉ።

"አለን!" አልን፤ ኤርጫፎም፣ ዳግምም፣ መነንም፣ እኔም።

ገቡ። በአዲሱ ዓይናቸው ስክሪኑን ረዘም አድርገው አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልክነሽ፣ ጠረጴዛ አምስት አልተዘጋም።"

"አልተዘጋም፣ ጋሼ።"

"የሌለ ሰው መስኮት አጥብቆ መያዝ ስህተት መሆኑን አስተምሬሻለሁ።"

"አስተምረውኛል።"

መነጽሩን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

"ይህን ስህተት ግን አታርሚው" አሉና ሄደው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ኤርጫፎ ዘይቱን ጣደ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ደወሉ ጮኸ፣ መስኮቱም አረንጓዴ ሆነ።